በሰው ቋንቋ ሰላም ስለ ማለት

(በሬዲዮ የተነገረ፤ ለጋዜጣ አንባብያን በጽሑፍ የቀረበ)



ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በጎተራ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳሪስ አቦን ያውቃል። በየወሩ በ5ኛው ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን መታሰቢያ ለማክበር ነጠላውን አጣፍቶ የሚመጣው ምእመን፥ ወደ ፋብሪካ የሚገባው ሠራተኛ፥ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አዳማ የሚጓዘው መንገደኛ፥ ሁሉም በዚያ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ጥቂት ቆም ብሎ የሕዝቡን ንግግር የሚያዳምጥ ሰው፥ ሳያስበው የኢጣልያንኛ ትምህርት ይቀስማል። ተሳፋሪው የሚወርድበትን ቦታ «ፌርማታ» ይለዋል፤ ጎማ የተነፈሰበት ባለመኪና «ጎሚስታ» ይፈልጋል፤ መካኒኩ «ፍሪሲዮን»፥ «ካንዴላ»፥ «ቺንጋ» እያለ ረዳቱን ያዝዛል፤ መኪናውን የሚያሳጥበው «ላቫጆ» ይገባል፤ ለቁርስ የሚቀርበውም ዳቦ «ፉርኖ» ነው። በመጨረሻም ሁሉም ሥራውን ጨርሶ ሲለያይ «ቻው!» ይባባላል።

እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ብንመረምራቸው የምናገኘው ነገር አለ። ከኢጣልያንኛ የወሰድነው አብዛኛው ቃል የዕቃና የሥራ ስም ነው፤ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው። ከሰላምታ ወገን በሕዝቡ አፍ ጸንቶ የቀረው ግን «ቻው» ነው። እርሱም ቢሆን ከአገሩ ሲወጣ የነበረውን ጠባይ ለውጦ ነው የቀረው። እኔም ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም የኢጣልያንን የዘወትር ሰላምታ እንዴት መማር እንደሚገባና፥ ከቃሉም ይልቅ የቃሉን ልክ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ነው።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል፥ «በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ አምስት ዓመት ያስጨነቀንን መንግሥት ቋንቋ፥ ያውም ሰላምታውን፥ መማር ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሌላውን ቃል አጣርቶ አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከኢትዮጵያዊ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው ክፍል፥ በአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መገልገል እንደሚችሉ ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። «መቻል» እና «መገደድ» በወረቀት ላይ ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ የእነርሱ ልዩነት ግን እያደገ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ በደም ተለየ። እንግዲህ የሰውን ቋንቋ ማወቅ ለሰውየው መገዛት አይደለም፤ ራስን መጠበቅም ነው።

ደግሞም ቋንቋን መማማር ከወረራው በፊት የነበረ ነገር ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ ከተማ ለኢጣልያኖች አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም.ም በሮማ ከተማ የኢጣልያንኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። በኋላ በወረራው ዘመን የያዙት አቋም ብዙ ያስነቀፋቸው ቢሆንም፥ ሁለቱ ሕዝቦች በየአፋቸው ሰላም እንዲባባሉ ከመቶ ዓመት በፊት የደከሙ ሰው እንደ ነበሩ አይካድም። ከነጻነትም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳስበው ስለ ነበረ፥ በርካታ ኢጣልያኖች በአናጢነት፥ በግንበኝነትና በመካኒክነት በአገራችን ቀርተዋል። ከሳሪስ አቦ መንገዱን ይዞ በሞጆ በኩል ወደ ቆቃ የሄደ ሰው የሚያየው ግድብም ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ ካሣ በከፈለችው ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተፈጸመ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

በመጀመሪያ «ቻው» የሚለውን እንመልከት። ይህ ቃል የወጣው ከቬኒስ አገር አነጋገር ሲሆን፥ ሥሩ «ባሪያ» ማለት ነው፤ ሙሉው አነጋገርም «እኔ የእርስዎ ባሪያ ነኝ» እንደ ማለት ነበር። እኛ በደብዳቤ መጨረሻ «ታዛዥዎ» ወይም «አገልጋይዎ» ብለን እንደምንፈርመው ያለ የትሕትና ቃል ነው። ዘመን ሲያልፍ ትሕትናው ተረሳና ቃሉ የባልንጀሮችና የቤተ ሰብ ሆነ። ዛሬ በኢጣልያ «ቻው» የሚባለው ለወዳጅ፥ ለእኩያ፥ ለወንድምና ለእኅት፥ ለሕፃንም ነው፤ ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን ሁለት ነገር ደረሰበት። አንደኛ፥ የመገናኛነቱን ትቶ የመለያያ ብቻ ሆነ። ሁለተኛ፥ ታላቅና ታናሽ ሳይለይ ለሁሉ የሚባል ሆነ። በአማርኛ ውስጥ እስካለ ድረስ ይህ ነውር የለበትም፤ እንግዳ የገባበትን ቤት ልማድ ይዟልና። ነውሩ የሚመጣው ይህንኑ የእኛን «ቻው» መልሰን ወደ ኢጣልያ ስንወስደው ነው። በሮማ ከተማ ከአንድ ሽበታም ሹም ቢሮ ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ «ቻው» ያለ ኢትዮጵያዊ፥ በአማርኛ ለማያውቃቸው ሽማግሌ «በል ደኅና ሁን» እንዳለ ይቈጠራል። ሹሙ ምናልባት ፈገግ ብለው ያልፉታል፤ ጨዋ ነው ብለው ግን አይመሰክሩለትም። በዚያ ቦታ የሚገባው ቃል «አሪቬደርቺ» ነው፤ ይኸውም «እስክንገናኝ» ማለት ነው። አክብሮቱን ከፍ ለማድረግ የፈለገ «አሪቬደርላ» ይላል፤ እኛ «ደኅና ይሁኑ» እንደምንለው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ትምህርት «ቱ» እና «ሌይ» የሚባሉት ናቸው። ሌሎች ሕዝቦች ይህን ለመማር ብዙ ይደክማሉ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ትምህርቱ ግማሹ በእናት ጡት ያለቀ ነው። «ቱ» ማለት አንተ ወይም አንቺ ነው፤ «ሌይ» ማለት እርስዎ ነው። ወዳጅን «ኮሜ ስታይ?» ይሉታል፤ እንዴት ነህ ማለት ነው። የማያውቁትን፥ ታላቅን ወይም ባለሥልጣንን ግን «ኮሜ ስታ?» ይሉታል፤ እንዴት ነዎት ማለት ነው። ልዩነቱ በመጨረሻው ላይ ያለችው ትንሽ ድምፅ ናት። ወዳጅን ይቅርታ ሲጠይቁ «ስኩዛ»፥ የሚያከብሩትን ሲጠይቁ «ስኩዚ» ነው፤ የእኛ «ይቅርታ አድርግልኝ» እና «ይቅርታ ያድርጉልኝ» እንደሚለያዩ ናቸው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው የአነጋገሩ ብልሃት ነው። «ሌይ» በቁሙ ሲተረጐም «እርስዋ» ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ሰውን በቀጥታ አንተ ከማለት ይልቅ «ጌትነትዎ እንዴት ናት?» እንደ ማለት ያናግሩት ስለ ነበረ፥ ያች «ጌትነት» የምትባለው ቃል በቋንቋቸው በሴት አንቀጽ የምትነገር በመሆንዋ «እርስዋ» ሆና ቀረች። እኛስ ብንሆን «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱን ከ«እነርሱ ይመጣሉ» በምን እንለየዋለን? እነርሱ የሚያከብሩትን ሰው ሩቅ እንዳለች ሴት ያናግሩታል፤ እኛ ሩቅ እንዳሉ ብዙ ሰዎች እናናግረዋለን። ሁለቱም ሕዝቦች ክቡር ሰውን ፊት ለፊት በቃል መንካትን ፈርተው፥ ጥቂት ራቅ አድርገው አክብረውታል። መንገዱ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው።

ይህን የሕዝብ ጨዋነት ፋሺስቶች ሊያጠፉት ሞክረው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. «ሌይ» የባዕድና የአሽከር አነጋገር ነው በማለት በእርሱ ፈንታ «ቮይ» እንዲባል ዘመቻ አደረጉ። «ሌይ» ይባል የነበረ አንድ የሴቶች መጽሔት እንኳ ስሙን «አናቤላ» ብሎ ለወጠ። ይህ ሲሆን አዲስ አበባ በእጃቸው ነበረች። እኛን በጦር ሲገዙ የራሳቸውንም ሕዝብ ሰላምታ በዐዋጅ ሊገዙ ፈልገው ነበር ማለት ነው። አገዛዙ ከወደቀ በኋላ ግን ሕዝቡ ወደ «ሌይ» ተመለሰ፤ «ቮይ» ከጥንት ጀምሮ በሚነገርበት በደቡቡ ክፍል ብቻ በአንዳንድ ስፍራ ቀርቷል።

የቀኑን ሰላምታ ለመማር የሚፈልግ ሰው የአማርኛውን ሥርዓት አይርሳ። ጠዋት «ቦንጆርኖ» ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ ቀኑ ሲበርድና ሲመሽ «ቦና ሴራ» ይባላል። እነዚህን ሁለቱን ሲገናኙም ሲለያዩም ማለት ይቻላል። «ቦና ኖቴ» ግን የተለየ ነው። ብዙ ተማሪ የሚስተው በዚህ ነው። «ኖቴ» ሌሊት ማለት ስለ ሆነ፥ በምሽት ሰው ቤት የሚገባ ሁሉ «ቦና ኖቴ» ሊል ይቃጣዋል። ነገር ግን ይህ «እንደምን አመሹ» አይደለም፤ «ደኅና ይደሩ» ነው። ለእራት ተጠርቶ በር ላይ «ደኅና ይደሩ» ያለ እንግዳ፥ ባለቤቶቹ ሊመለስ ነው ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ሰዓቱን ለይቶ ማወቅ ያስቸገረው ሰው «ሳልቬ» ይበል፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጤና ይኑርህ» ነው። የእኛው «ጤና ይስጥልኝ» የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው። ለሹማምንትና ለሽማግሌዎች ግን «ቦንጆርኖ» ይሻላል።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር ልጨምር። ኢጣልያንኛ እንደ አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል አለው። «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር እንደሚሆን፥ የእነርሱም ቃል እንዲሁ ይለወጣል። «ኖቴ» የሚለው ቴ ይጠብቃል፤ «ሴራ» የሚለው ራ ይላላል፤ ቢጠብቅ አትክልት የሚያበቅሉበት የመስተዋት ቤት ይሆናል። ይህን ጠብቆና ላልቶ መናገር ለብዙ የውጭ አገር ሰው መከራ ሲሆን ለእኛ ቀላል ነው። «ሴራ» በእኛ ቋንቋ የተንኰል ምክር መሆኑን አስቦ በልቡ የሚስቅ ቢኖር ግን፥ ሳቁን ውጦ «ቦና ሴራ» ይበል።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። እኛ ስንገናኝ ደኅንነትን ደጋግመን እንጠይቃለን፤ ልጆችን፥ ዘመድን፥ ከብቱንና ዝናሙን ሳንጠይቅ ወደ ጉዳያችን አንገባም። ኢጣልያን ግን «ኮሜ ስታ?» ይላል፤ «ቤኔ፥ ግራትስዬ፤ ኤ ሌይ?» ተብሎ ይመለስለታል፤ «ደኅና፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎስ?» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነገር ይጀመራል። ማጠሩን የፍቅር ማነስ አድርገን አንየው። ለምስጋናው የሚመልሱት «ፕሬጎ» ደግሞ በቁሙ «እለምናለሁ» ማለት ነው። ወደ ሱቅ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሲገቡ ጉዳይን ከመናገር በፊት «ቦንጆርኖ» ማለት ግዴታ ነው። የተማረ ሰው «ዶቶሬ»፥ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት «ሲኞራ» ተብላ ትከበራለች። አንድ የሚያስገርመን ነገር ቢኖር፥ እነርሱ ሰውን በቤተ ሰቡ ስም ስለሚያከብሩ፥ እኛንም በአባታችን ስም መጥራታቸው ነው። ስለዚህ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አባትዎን ቢጠራ፥ አባትዎ ከኋላ የቆሙ መስሎዎት ዞር አይበሉ፤ የተጠሩት እርስዎ ነዎት።

ወደ ሰው ቤት አገባብ ስንመጣ ነገሩ ከእኛ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በእኛ አገር እንግዳ በደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥም «ይግቡ» ይባላል። በእነርሱም አገር እንግዳው በሩ ተከፍቶለት እንኳ ደፉን ከመርገጡ በፊት «ፔርሜሶ?» ይላል፤ ይፈቀዳልን ማለት ነው። ባለቤቱም «አቫንቲ!» ብሎ ይመልሳል።

ይህን «አቫንቲ» የሚለውን ቃል ሳስብ በሳሪስ አቦ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ ትዝ ይሉኛል፤ ነፍሳቸውን ይማር። በመንገዱ ዳር ከትንሽ የጎማ መጠገኛቸው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ የሚጠገብ አልነበረም። በወረራው ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ በመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። በዚያም «አቫንቲ!» የሚለውን ቃል ያወቁት በጩኸትና በአለንጋ ነበር፤ «ወደ ፊት! ቶሎ!» ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ እዚሁ ከቀሩት ኢጣልያኖች በአንዱ ጋራዥ ሥራ ሊጠይቁ ሄደው የቢሮውን በር ቢያንኳኩ፥ ከውስጥ «አቫንቲ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «እግሬ መሬት ያዘ» ይሉ ነበር። «ያ ዘመን ተመልሶ መጣ ብዬ ልሄድ ዞር ስል፥ ሰውዬው ራሱ ተነሥቶ በሩን ከፈተና በእጁ ወደ ውስጥ አመለከተኝ። ለካ ያ ቃል ‹ግባ› ማለትም ኖሯል!»

አረጋዊው በዚያ ጋራዥ ብዙ ዓመት ሠሩ። አሠሪያቸው «ቱ» ይላቸው ነበር፤ እርሳቸው «ሌይ» ይሉት ነበር። ልዩነቱን ካወቁ በኋላም ቢሆን አንድ ቀን «ቱ» ብለው አልመለሱለትም። «እኔ እናቴ ያስተማረችኝን አልለውጥም፤ እርሱ ያልተማረውን ደግሞ እኔ አልማርለትም» ይሉ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሰውዬው አንድ ሞተር አስፈትቶ ብልሽቱን ሊያገኘው ስላልቻለ፥ እርሳቸውን ጠርቶ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ሌይ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቱ» ብሎ አልጠራቸውም። «ደመወዝ ከተጨመረልኝ ቀን ይልቅ ያን ቀን አስታውሰዋለሁ» ብለው ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። ካለፉት ብዙ ዓመታት ጀምሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወደ ኢጣልያ የሄዱ ብዙ ሴቶች በሰው ቤት ሠርተው፥ ሕፃን አሳድገውና ሽማግሌ ጦረው ይኖራሉ። ዛሬም ቢሆን አንዳንድ ባለሱቅ ወይም ጸሐፊ ለአገሩ ሰው «ሌይ» ብሎ፥ ከውጭ ለመጣው ጥቁር ሰው «ቱ» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይህንም በዚያው በኢጣልያ ጨዋ ሰዎች ይነቅፉታል። ቋንቋውን በልኩ ያልተማረ ሰው መናቁን ሳያውቅ ይስቃል። የተማረ ሰው ግን ያውቃል፤ አውቆም ድምፁን ሳያሰማ፥ ፊቱን ሳያጠቁር፥ እንደ ሳሪሱ አረጋዊ በ«ሌይ» ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ተናጋሪው አፍሮ ራሱን ያርማል። ባያርምም እንኳ በዚያ ቦታ ጨዋው ማን እንደ ነበረ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከእናንተ የሚበዛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀመጠ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሬን ከመፈጸሜ በፊት ከሮማ ተመልሼ ወደ እናንተው መስኮት ልምጣ። በጠዋት አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ ቢሮአችን ሲገባ ከወንበራችን ተነሥተን የምናውቃትን ያህል «ቦንጆርኖ» ወይም ሌላ ሰላምታ እንፈልጋለን፤ መልካም ነው። ከእርሱ በኋላ ከአቃቂ ገጠር ጋቢያቸውን ለብሰው፥ ዱላቸውን ይዘው፥ የመሬት ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የመጡ ሽማግሌ ሲገቡ ግን «ምን ፈለግህ? ነገ ተመለስ» የምንል ከሆነ፥ ሰላምታን አልተማርንም፤ ድምፁን ብቻ ነው የቀዳነው። ለባዕድ «ሌይ» እያልን ለወገናችን «አንተ» የምንል ከሆነ፥ የዚያ ጋራዥ ጌታ ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን።

ስለዚህ ኢጣልያንኛውን መማር የሚፈልግ ሁሉ ይማር፤ «ቦንጆርኖ»ንም «አሪቬደርቺ»ንም በየቦታቸው ያውል። ትምህርቱንም ነገ ጠዋት በመስኮቱ ፊት ከሚቆሙት ከመጀመሪያው ባለጉዳይ ይጀምር፤ «እንደምን አደሩ፤ ይግቡ፥ ይቀመጡ» ብሎ።

ደኅና ይሰንብቱ።